ፈረሴን ያበላሸው ሠርግ

ሠርግ ሊጠራኝ ያሰበ ሰው ካለ አስቀድሞ ይወቀው፤ አልመጣም። ሥጋው ጮማ ቢሆን፣ ዳጣው እንባ የሚያስፈስስ ቢሆን፣ ሙሽራዋ የገዛ ልጄ ብትሆን አልመጣም። ጠግቤ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ተናድጄ ነው። የተናደድኩትም በአንድ ሰው አይደለም። በወንድ ልጄ ተናድጃለሁ፣ በዲኮር ቤቷ ባለቤት ተናድጃለሁ፣ በካሜራማኖች፣ በሙሽሮች፣ በሙሽራ እናቶች ተናድጃለሁ። በፈረሴ ብቻ አልተናደድኩም። እሱ ያስተማሩትን ነው ያደረገው። ባለዲግሪዎቹም እንደሱ ያስተማሯቸውን ቢያደርጉ ይህ አገር የት በደረሰ ነበር!

ይቅርታ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

እኔ ፈረስ እጋልባለሁ። ለሥራ አይደለም፣ ለሽቅድምድም ነው። እዚህ ሶዶ ዙሪያ ጊፋታ ሲመጣ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ማለቴ ነው፣ ሜዳ ወጥተን የምንሽቀዳደም ሰዎች አለን። አብዛኞቻችን ሽማግሌዎች ነን፤ ወጣቱ ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቶ ጠፍቷል። ማንም አይከፍለንም። ያሸነፈ ሰው ጋቢ ይደረብለታል፣ ዓመቱን ሙሉ ገበያ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል፤ በቃ ይኸው ነው። እቺን አንገት ቀና ለማድረግ ግን ፈረሱ ዓመቱን ሙሉ ገብስ መብላት አለበት። ፉርሽካም ይፈልጋል። ኮርቻ ያረጃል፣ ልጓም ይበጠሳል። እሱ ሲያስለው የእንስሳት ሐኪም ይጠራለታል፤ እኔ ሳስል ዳማከሴ ጨምቄ እጠጣለሁ። ይህን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ። ምን ያስቃል? ዳማከሴ የጠጣ ፈረስ አሸንፎ አያውቅም።

ፈረሴ ዳሞታ ይባላል፣ በተራራችን ስም። ነጭ ነው። ጠላትም ይመስክር፣ እንደሱ ያለ ነጭ ከሶዶ እስከ ገሱባ የለም። ጣጣውንም ያመጣው ይኸው ንጣቱ ነው።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የቤቱን ቀለብ የሚችለው ልጄ ማቴዎስ ነው። ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ክራባት አለው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በረቱ አጠገብ ቆመና ፈረሱን እንደ ወንጀለኛ ከላይ እስከ ታች ያየው ጀመር።

«አባዬ፣ ይህ ፈረስ ምን ሠርቶ ነው የሚበላው?»

«ይሮጣል።»

«ሮጦስ ምን ያመጣል?»

«ሮጦ ይመለሳላ!»

ልጄ ግን ቀልድ አይገባውም፤ ቢሮ ወስዶበታል። «አባዬ፣ ወይ ራሱን በራሱ ያስተዳድር፣ ወይ ይሸጥ። ዲምቱ ላይ ጋሪ የሚነዳ አንድ ሰውዬ ጠይቆኛል» አለኝ።

ጋሪ! ዳሞታን ጋሪ ላይ! ጤፍና ሲሚንቶ ተጭኖበት፣ ጅራፍ ጀርባው ላይ እየጮኸ፣ የሽቅድምድም ፈረስን የሚያህል ነገር በዲምቱ ጭቃ ውስጥ! ያን ቀን ራት አልበላሁም። በማግስቱም በቁጣ አልበላም ብዬ ነበር፣ በኋላ ግን ራበኝ።

ጥሩነሽ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ጥሩነሽ የሠርግ ዲኮር ቤት አላት፤ አዳራሽ በጨርቅና በአበባ ታስጌጣለች። በአጥራችን ሥር ስታልፍ ዳሞታን አየችና ቆመች።

«አባባ፣ ይቺ ፈረስ የእርስዎ ናት?»

«ናት አይባልም፤ ወንድ ነው።»

«እንዴት ታምራለች በማርያም! አባባ፣ እኔና እርስዎ እንሥራ። ሙሽሮች መኪና ሰልችቷቸዋል። ሙሽራው ከመኪናው ወርዶ እስከ አዳራሹ በር በነጭ ፈረስ ቢገባኮ ቪዲዮው ጉድ ነው የሚሆነው!»

«ሙሽራው መጋለብ ይችላል?»

«መጋለብ ምን ያደርግለታል? ዝም ብሎ መቀመጥ ነው እንጂ።»

ዝም ብሎ መቀመጥ! ያኔ አጥሩን ዘግቼ መግባት ነበረብኝ። የጋሪው ነገር ግን ዓይኔ ላይ ነበር። እሺ አልኩ። ማቴዎስ ሲሰማ ደስታውን አልቻለም። «ይኸውልህ፣ ይህ ቢዝነስ ይባላል» እያለ ያስተምረኝ ጀመር። ሠርጉ ፈረሱን ያበላል፣ ፈረሱ ጊፋታ ላይ ይሮጣል፤ እኔም ተስማማሁ። በወሬ ደረጃ እንከን አልነበረውም።

የመጀመሪያው ሠርግ ዕለት ጥሩነሽ የዳሞታን አንገት በፕላስቲክ አበባ ከበበችው። ግማሹን በላው። ወገቡ ላይ የመጋረጃ ጨርቅ ጣለችበት። እኔንም አልተወችኝም፤ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ ያለው ቀይ ኮት አለበሰችኝና የሆቴል ዘበኛ አደረገችኝ። ሙሽራው መጣ። እግሩን እርካብ ውስጥ እንዲያስገባ ብነግረው ጫማው ይቆሽሻል አለ። ሚዜዎቹ እንደ ጆንያ አነሱት፣ በአንዱ በኩል ጫኑት፣ በሌላው በኩል ወረደ፤ እንደገና ጫኑት። ከዚያ የፈረሱን ሁለት ጆሮዎች ያዘ። ጆሮ! «ልቀቅ፣ መሪ መሰለህ እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። ካሜራማኑ ደግሞ በእኔ ላይ ጮኸ፤ «አባባ፣ ከፍሬም ይውጡ!» ፍሬም ምን እንደሆነ የገባኝ ገፍተው ሲያወጡኝ ነው። የገዛ ፈረሴን እየመራሁ ከገዛ ፈረሴ ፎቶ ተባረርኩ።

አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ዳሞታ ደነገጠና ቆመ። ካሜራማኑ «በጣም ጥሩ! እንዲሁ ቁም!» አለው። የሙሽራዋ እናት መጥታ በመዳፏ ስኳር አላሰችው።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ፈረስ ሞኝ አይደለም። እልልታ ሲሰማ ይቆማል፣ ሲቆም ስኳር ይልሳል። በሁለተኛው ሠርግ ራሱ ቆመ። ከዚያ በኋላማ ባሰበት፤ እልልታው ገና ሲጀምር ቀጥ ይላል፣ አንገቱን ይሰብቃል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ፊቱን ወደ ካሜራው ያዞራል። አንዱ ካሜራማን «ከሙሽራው ይልቅ ፈረሱ ይሻላል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ገብስ ሞላ። ፉርሽካ ሞላ። ዳሞታ ወፈረ፣ አማረበት፣ ማቴዎስም የፈረሱን ፎቶ ስልኩ ላይ አደረገ። የእኔን ፎቶ አድርጎ አያውቅም።

ጊፋታ እየቀረበ ሲመጣ ኮርቻዬን ጫንኩና ለሙከራ ሜዳ ወጣሁ። የገሱባው አንጁሎም ቡላውን ፈረሱን ይዞ መጥቷል። አንጁሎ እኩያዬ ነው፤ ወጣት ሳለን ጀምሮ እንሽቀዳደማለን፣ ወጣት ሳለን ጀምሮም አልወደውም። ተነሣን። በመጀመሪያው ዙር አብረን ነበርን፣ ከዚያ ዳሞታ ጥሎት ሄደ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ የሠርጉን ውርደት ሁሉ ረሳሁት። በዚህ መሐል ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሜዳው ዳር ደረሱ። ሽማግሌ ሰው ሲመራ አይተው ነው መሰለኝ፣ አንጀታቸውን በልቻቸው እልል አሉ።

ዳሞታ ቀጥ አለ። እኔ ግን አልቆምኩም።

የወደቅኩት የሰው ጎደሬ ማሳ ውስጥ ነው። ቀና ስል ፈረሴ ሴቶቹ ፊት አንገቱን ሰብቆ ቆሞ ካሜራ ይፈልጋል። አንጁሎ በአጠገቤ አለፈ፣ ሜዳውን ዞሮ ጨረሰ፣ ከዚያም ተመልሶ መጣ። ይህ ሰው ለስድብ ሲሆን አይደክመውም።

«ሳሮ፣ ሙሽራው!» አለኝ፤ ሳሮ በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው። «ሚዜዎችህ የት ቀሩ?»

እቤት ገብቼ ለማቴዎስ ነገርኩት። «ታዲያ ሠርጉ አለልህ፤ ውድድሩ ለምን አይቀርም?» አለኝ። አያችሁልኝ? ፈረሱ እንዲሮጥ ብዬ ሠርግ አስገባሁት፤ አሁን ሠርግ እንዳይቀር አይሩጥ ተባለ!

እኔ ደግሞ እንቢ ካልኩ እንቢ ነኝ። እልልታ ያበላሸውን ፈረስ በእልልታ አስተካክለዋለሁ ብዬ ተነሣሁና ጎረቤቴ አማረች ዘንድ ሄድኩ። አማረች ቅቤ ነጋዴ ናት፤ እሷም ባሏ ሞቶባታል። የእሷ እልልታ ከአንዱ ቀበሌ ሌላው ቀበሌ ይሰማል።

«እልልታሽን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ምን ተገኘና?»

«ፈረስ ላሠለጥንበት።»

እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ሰው መርዳት ስለምትወድ ግን የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ በማግስቱ ማለዳ ሜዳ ወጣች። እነሱ እልል ሲሉ እኔ ዳሞታን ኮርኩሬ አስጋልበዋለሁ፤ ገብሱን ሜዳው መጨረሻ ላይ ነው ያኖርኩት። ከቆመ ምንም የለም፣ ከሮጠ ገብስ አለ። መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ገባው። ትንሽ ቆይቶማ አማረች አፏን ስትከፍት ገና እንደ ጥይት መፈትለክ ጀመረ።

ሰው ግን ሥራ የለውም። በየማለዳው ሜዳ ላይ እልልታ ይሰማል፣ መሐል ላይ እኔ አለሁ፣ እልልታውን የምታወጣው አማረች ናት። ሰው ደመረና ጨረሰው። የዕድራችን ሰብሳቢ የክት ልብሱን ለብሶ መጥቶ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሰው ብቻውን አይሆንም» አለኝ። ልብስ ሰፊው በመንገድ አስቁሞ ትከሻዬን በዓይኑ ለካው። ማቴዎስ ከቢሮ በጠራራ ፀሐይ እየበረረ መጣ።

«አባዬ፣ ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ?»

«ምኑን ነው የምነግርህ?»

«አማረችን ልታገባ ነው አሉ!»

ደሜ ፈላ። «እኔ? አማረችን? ከማገባ ሞቼ ብቀበር ይሻለኛል!» ብዬ አንባረቅኩ።

ዘወር ስል አማረች አጥሩ ላይ ቆማለች። በእጇ ለፈረሱ ያመጣችው የበቆሎ ቅጠል አለ።

«ምን ጎደለኝ?» አለችኝ።

«ኧረ አልጎደለሽም፣ እኔ ለማለት የፈለግኩት…»

«ምን ጎደለኝ ነው የምልህ?»

ቅጠሉን አጥሩ ላይ ጥላ ሄደች። በማግስቱ ሜዳ ላይ አንድም ሴት አልመጣችም። ይቅርታ ጠይቃት አሉኝ። ለምን እጠይቃለሁ? ሰው በሬ ወለደ የሚል ወሬ ሲያወራ ዝም ልል ነው? እኔ ለማንም ለምኜ አላውቅም፤ ሚስቴን እንኳ የለመኑልኝ ሽማግሌዎች ናቸው።

ይህ እንዳለ ማቴዎስ ሳይነግረኝ ለጥሩነሽ አንድ ሠርግ ተቀብሎ ኖሯል። ሙሽራው በላይነህ ይባላል፤ አገሩ ጎጃም እንጅባራ በኩል ነው፣ እዚህ ሶዶ ተመድቦ በላቦራቶሪ ይሠራል። ሙሽራዋ የእኛው ልጅ ናት። አይሆንም አልኩ። «ቃል ተሰጥቷል» አለኝ ማቴዎስ። ለጥሩነሽ አስጠነቀቅኳት፦ «ስሚኝ፣ ይህ ፈረስ ከእንግዲህ እልልታ ሲሰማ አይቆምም፤ ይጋልባል። አንዲት ሴት አፏን እንዳትከፍት።» «ችግር የለም አባባ፣ በጭብጨባ ብቻ ይገባል» ብላ ለአዳራሹ ሁሉ ተናገረች። ሁሉም ሰማ።

የሙሽራዋ እናት ብቻ አልሰማችም። ከቢጠና ስትመጣ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞባት ዘግይታ ደረሰች። ከመኪናው ስትወርድ አማቿ በነጭ ፈረስ ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ምን ታድርግ? ከልቧ ለቀቀችው።

ዳሞታ ተነሣ። አበባው በአንድ በኩል፣ መጋረጃው በሌላ በኩል ተበተነ። ሚዜዎቹ ግድግዳ ተጠጉ። በላይነህ ከነሙሉ ልብሱ ዋናውን መንገድ ይዞ ነጎደ፤ ባጃጆቹን አለፈ። ሙሽራዋ ጮኸች፣ እናቷ ይበልጥ እልል አለች፤ እሷ ያማረ ነገር የሚሠራ መስሏታል። እኔ ቀዩን ኮት ወርውሬ ከኋላ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ «ያዘው! አስቁመው!» ይላል። ከእኔ አፍ ግን ምን ወጣ መሰላችሁ? «አንገቱ ላይ ተኛ! ዛቡን ልቀቅለት!» ልጁም ተኛ። ለቀቀለት። አቤት ሲያምር! እሱን ሳይ ቦዩን አላየሁትም፤ ገብቼበት ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለ።

በላይነህ በሶምሶማ እየተመለሰ መጣ፤ ክራባቱ የለም፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ከእሱ በቀር የሳቀ ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ተቀመጠብኝ። ከእንግዲህ ይህ ፈረስ ሶዶ ውስጥ የሠርግ ደጃፍ እንዳይረግጥ ተባለ። ፊቴን አጥቁሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ፍርዱን ተቀበልኩ። በሆዴ እንዴት እንደ ጨፈርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጭፈራው ግን እቤት ድረስ አልቆየም። ማቴዎስ «ቢዝነሱ አለቀ። እንግዲህ ዲምቱ ነው» አለኝ።

«ጊፋታ ይለፍ» አልኩት። «ካሸነፈ ባዝራ ያላቸው ሰዎች ከሱ ዘር ይፈልጋሉ፤ ባዝራቸውን ሲያመጡ ገብሱን ይዘው ነው የሚመጡት።»

ትንሽ አሰበ። «ካሸነፈ አፌን እይዛለሁ። ካላሸነፈ ግን ሰውዬው ከሜዳው ይወስደዋል።»

ተስማማን። እግሬ ግን እርካብ ላይ አይቆምም። ማን ይጋልብ? ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ በላይነህ እቤት መጣ፤ ገና የሠርጉ ወር አላለቀም።

«ጋሼ፣ እግርዎ እንዴት ሆነ?»

«የእኔን እግር ተወው፣ የአንተ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። እኛ አገርኮ ልጅ የሚያድገው ፈረስ ላይ ነው። ከተማ ገብቼ ነው የረሳሁት» አለና አንገቱን አሻሸ። «ጊፋታ ላይ ልጋልብልዎ?»

«ሚስትህስ ምን ትላለች?»

«እሷ ናት የላከችኝ።»

እንዲህ ያለች ሚስት ያለችው ሰው ምን ይጎድለዋል? ኮርቻውን ሰጠሁት።

የጊፋታ ዕለት ሜዳው በሰው ጥቅጥቅ አለ። እኔ ምርኩዝ ይዤ ዳር ቆምኩ። የዲምቱው ሰውዬ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ የተጠበሰ በቆሎ ይግጣል። «ጥርሱ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ የፈረሱን ማለቱ ነው። ከእኛ ፈንጠር ብላ አማረች ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተቀምጣለች፤ እጇን አጣጥፋለች፣ ሴቶቹም አጣጥፈዋል።

ፈረሶቹ ተነሡ። ሕዝቡ ያፏጫል፣ ያጨበጭባል፣ ይጮኻል። በላይነህ አንገቱ ላይ ተኝቷል፣ ዛቡን ለቋል፤ የሠራው ስሕተት የለም። ዳሞታ ግን አልተፈተለከም። ጆሮውን ወዲያና ወዲህ እያዞረ የሆነ ነገር ይጠብቃል። የሚጠብቀውን አወቅኩ፤ እልልታ ነው፣ አማረች ካልጀመረች ደግሞ የምትጀምር ሴት የለችም። አንጁሎ መራ።

ምን ላድርግ? አፌን ከፍቼ ራሴ እልል አልኩ። ወንድ ልጅ በአደባባይ! የፊት ጥርሴ ደግሞ የለም፤ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ነው የጮህኩት። አጠገቤ ያሉት ሰዎች ራቅ አሉ። ዳሞታ ጆሮውን ወደ እኔ ቀሰረና መልሶ ዞረ። አላወቀውም። አንጁሎ የመጨረሻውን ዙር ጀመረ። የዲምቱው ሰውዬ በቆሎውን ጨርሶ ቆረቆንዳውን ጣለ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ገመዱን ይፈታ ጀመር።

እያነከስኩ አማረች ዘንድ ሄድኩ።

«አማረች!»

«አቤት» አለች፤ ዓይኗ ሜዳው ላይ ነው።

«እልል በይ እንጂ!»

«ለማን?»

«ለፈረሱ!»

«ፈረሱ አልጠየቀኝም።»

ዞር ብዬ አየሁ። አንጁሎ ግማሽ ዙር ነው የቀረው። ዳሞታ ከኋላው ጆሮውን እያዞረ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል። ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

«እባክሽ።»

«ምን አልክ? ጫጫታ ነው፣ አልሰማሁም።»

«እባክሽ አልኩሽ! እባክሽን አማረች! ምንም አልጎደለሽም!»

የእኛ ወገን ሰው ሁሉ ውድድሩን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። አማረች ቀስ ብላ ተነሣች። ነጠላዋን አራገፈች። አስተካከለች። እኔ ነደድኩ። ከዚያ አፏን ከፈተች፤ ሴቶቹም ተከተሏት።

ዳሞታ መሬት የነካ አይመስለኝም። በላይነህ እንኳ በኋላ ሲነግረኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ብሏል። አንጁሎን መጨረሻው ላይ ደረሱበት፣ በአንድ የፈረስ አንገት ልክ አለፉት። የዲምቱው ሰውዬ ገመዱን መልሶ ጠቀለለና በቆሎ የሚሸጥበትን ጠየቀኝ። ማቴዎስ ክራባቱን እያውለበለበ ይዘላል፤ ይህን ልጅ አላውቀውም አልኩ። ጋቢውን በላይነህ ላይ ደረቡለት፤ ይገባዋል።

እኔ በዚህ ሁሉ መሐል ንዴቴ አልበረደም። ያቺ ሴት ነጠላዋን ለማስተካከል ብላ ፈረሴን ጋሪ ልታስገባብኝ ነበርኮ! ምርኩዜን እየተከልኩ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«ዘገየሽ!» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንተ ነህ የዘገየኸው» አለችኝና ሴቶቹን አስከትላ ወደ ገበያው ሄደች።

አሁን ይህ ለሰው የሚመለስ መልስ ነው? እናንተው ፍረዱ።